አጎቴ ደርበው አገር ሲያሳየኝ

ልጄ ዳኘው እንግሊዝ አገር ወስዶኝ ሳምንቱን ሙሉ «እማየ፣ አገር ላሳይሽ» እያለ ሲያዞረኝ ሰነበተ። የነገሥታት መቃብር አሳየኝ። ጣሪያው የፈረሰ ግንብ አሳየኝ፤ ሰው ፍርስራሽ ለማየት ሰልፍ ይዞ ሲጋፋ ያየሁት የዚያን ቀን ነው። እግሬ ሲያብጥ «በቃ እንረፍ» ይልና መጠጥ ቤት ይወስደኛል። በአራተኛው ቀን ከአንድ አጭር በር ፊት ቆሞ፣ «እማየ፣ እዚህ ቤት አራት መቶ ዓመት ሙሉ ሰው ሲጠጣ ኖሯል። አፍታ አረፍ ብለን ወንዙን ለማየት እንሄዳለን» አለኝ።

አልገባም አልኩ። ካፊያው እየወረደብኝ ውጭ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ቢለምነኝም ቢቆጣኝም ንቅንቅ አላልኩም። በስተርጅና ከልጄ ጋር መንገድ ላይ ተጨቃጨቅሁ። ዳኘው እስከ ዛሬ ቅር እንዳለው አለ፤ ስልክ ሲደውል ከድምፁ አውቃለሁ። በአፌ ልነግረው ሞክሬ አቅቶኛል። ሠላሳ ስድስት ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝና ልጻፍለት።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ጊዜው ጥቅምት 1930 ዓ.ም. ነው፤ ጣሊያን አገራችንን ይዟል። የምንኖርባት ፍኖተ ሰላም ያን ጊዜ ውጀት ነበር የምትባለው። አባቴ ላቀው ከቤት ከጠፋ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። «ሽንዲ ለንግድ ወርዷል» ብለውኛል። አባቴ ገበሬ እንጂ ነጋዴ አልነበረም፤ እኔ ግን የማስበው ሲመለስ ምን ይዞልኝ እንደሚመጣ ብቻ ነበር። እናቴ ሲሳይነሽ እህል አልቀምስ ብላ ምሰሶ ተደግፋ ትውላለች። ሆዷን ያማት ይመስለኝ ነበር።

እናንተን ግን እንደኔ በድንግዝግዝ አላስኬዳችሁም። አባቴ ቡሬ፣ ጣሊያን ምሽግ ውስጥ ታስሮ ነበር። ጎተራ ሥር የቀበረው ጠመንጃ ተገኝቶበት ነው። ቅዳሜ ካሚዮን እስረኞቹን ጭኖ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያም ደናኔ ወደሚባል የሱማሌ በረሃ ሊወስዳቸው ቀጠሮ ተይዟል። ከእኛ አገር ደናኔ ሄዶ የተመለሰ አልታየም። ይህን ሊያስቀር የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ለጣሊያን የገቡት ፊታውራሪ ገደፋው ናቸው። እሳቸው «ይህ ሰው የኔ ነው፣ በራሴ ዋስ ነኝ» ያሉት እስረኛ ይፈታል።

እሳቸውን ለመለመን የእናቴ ታናሽ ወንድም ደርበው ማክሰኞ ጠዋት ተነሣ። ደርበው ረጅም፣ ቀልደኛ፣ ቅኔ ቤት ገብቶ በመሐል ያቋረጠ ሰው ነው። ጠላ እንደሚወድ አገር ያውቃል። እኔንም ይዞኝ እንዲሄድ ከእናቴ ጋር ተመካከሩ። ልጅ የያዘ መንገደኛ ኬላ ላይ ብዙም አይጠረጠርም፤ የልጅ ፊት ደግሞ የትልቅ ሰው ልብ ያራራል።

ለእኔ የተነገረኝ ሌላ ነው።

«አንች አልጣሽ፣ ተነሽ! አገር ላሳይሽ ነው» አለኝ፤ የተዋሰውን በቅሎ እየጫነ።

«ምን ምን ያሳዩኛል ጋሼ?»

«ምን የማላሳይሽ አለ በይኝ! ማንኩሳ ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ዲያብሎስ ኃጥኡን ሁሉ በመንሽ ሲያገላብጥ የተሣለውን አሳይሻለሁ። ቡሬ ላይ የጣሊያንን ካሚዮን አሳይሻለሁ። ከዚያ ወዲያ ፈጣም ወንዝ ከገደል ሲወድቅ፣ ጭሱ ደመና ሲያክል አሳይሻለሁ።»

እናቴ ተንበርክካ የቀሚሴን ወገብ አሠረችልኝ። ፈትታ እንደገና አሠረችው። እኔ ግን ፈጥና እንድትለቀኝ ብቻ ነበር የምፈልገው።

ማንኩሳ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ከመንገዱ ዳር ጣሳ የተደፋበት እንጨት የተተከለበት ደጃፍ አለ፤ የጠላ ቤት ምልክት ነው። ባለቤቷ እታለም ትባላለች። ከእናቴ ወገን የምትዛመደን ሴት ናት።

«እዚች ጋ ጉሮሮየን አርጥቤ መጣሁ» አለኝ አጎቴ። «አንች በቅሎዋን ያዥልኝ።»

በቅሎዋን ይዤ ቆምኩ። እታለም እንዳላለቅስ ጥንቅሽ ሰጠችኝ። ጥንቅሹን ልጬ፣ መጥጬ ጨረስኩት። ሌላ ሰጠችኝ። እሱንም ጨረስኩት። ጥላዬ እየረዘመ ሄደ። የመጣው ይምጣ ብዬ በቅሎዋን ከአጥሩ ላይ አሰርኳትና በሩ ጋ ሄጄ ጆሮዬን ጣልኩ።

«ፊታውራሪ ለባዳ አይዋሱም» ትላለች እታለም። «ባለፈው አንድ ሰው አልቅሶ ቢለምናቸው "ዘመዴ አይደለም" ብለው መለሱት።»

«እንግዲያ ዘመድ መሆን ነዋ» አለ አጎቴ።

«እንዴት አድርገህ?»

«ልጅ የላቸውም አይደል?»

ከዚያ እታለም ቀስ ብላ፣ «ከልጅቱ ጆሮ ግን እንዳይደርስ። የተመከረ ልጅ አይጸናም ይላሉ» አለች። «ትንፍሽ አልልም» አለ እሱ።

እኔ ከዚህ ሁሉ የተረዳሁት አንድ ነገር ነው፤ አጎቴ ጠላው ጥሞት ሥዕሉን ረስቶታል። እልህ ያዘኝና ገባሁ። «ጋሼ፣ ሥዕሉስ?» አልኩ። «መሽቷል የኔ እመቤት፣ ነገ» አለኝ። ከፊቱ ያለው ዋንጫ ጢም ብሎ ሞልቷል። ስንተኛው ይሆን ብዬ ጠላሁት። ከብዙ ዓመት በኋላ እታለም ስትነግረኝ፣ ያ ዋንጫ መጀመሪያ የቀዳችለት ነበር። ከንፈሩን አላስነካውም።

የተነጋገሩትም ይህን ነው። በእኛ አገር ባዳን ዘመድ የማድረጊያ አንድ መንገድ አለ። ልጅ የሌለው ሰው በምስክር ፊት አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ ለልጅ ያጠባል። ልጁ ከጠባ የጡት ልጁ ሆነ፤ የልጁ ወላጆችም ከሥጋ ዘመድ አይተናነሱም። ፊታውራሪ ለጡት ልጃቸው አባት አልዋስም ቢሉ አገር ይታዘባቸዋል። ነገር ግን ልጁ ማንም ሳይመክረው፣ ማንም ሳይገፋው፣ በገዛ ፈቃዱ መጥባት አለበት። እምቢ ካለ መልአኩ ከልክሎት ነው ይባላል፤ ሁለተኛ አይሞከርም። የአባቴ ነፍስ በእኔ ከንፈር ላይ ተንጠልጥላ ነበር። እኔ ደግሞ ስለ ዲያብሎስ ሥዕል እነጫነጫለሁ።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድን። እኔ ፊት ፊት እሮጣለሁ። በሩ ተቆልፏል። ቁልፉን የሚይዙት ቄሰ ገበዝ ገብረ ሕይወት ከደጀ ሰላሙ ሥር ተቀምጠው ይደግማሉ። እጀታው የክንድ ያህል የሚረዝም የብረት ቁልፍ ከወገባቸው ተንጠልጥሏል። አጎቴ መስቀል ተሳለመና አጠገባቸው ቁጭ አለ። ተንሾካሾኩ። ቄሰ ገበዙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ወደ እኔ ያያሉ፣ እንደገና ይነቀንቃሉ። እኔ ቁልፉ ላይ አፍጥጬ ቆሜያለሁ። በመጨረሻ ብድግ ሲሉ በደስታ ዘለልኩ።

«እንግዲህ እንሂድ» አሉ።

የሄድነው ወደ በሩ አይደለም፤ ወደ ቡሬ መንገድ ነው። ቄሰ ገበዙ ለካ የፊታውራሪ የነፍስ አባት ናቸው። ያለ እሳቸው ማሩ አይባረክም፣ ምስክሩም አይሞላም። እኔ ግን ይህን ከየት ልወቅ! ሥዕሉ በኋላዬ ቀርቶ ቁልፉ በፊቴ ይሄዳል። ቡሬ እስክንደርስ ከወገባቸው ላይ ቋ ቋ እያለ ሄደ። «አባ፣ እርስዎ ከሄዱ ማን ይከፍትልኛል?» ብላቸው፣ «ሁሉን የሚከፍት አንድዬ ነው» አሉኝ። እንዲህ ያለ መልስ ያናድዳል። አሁንም ያናድደኛል።

ቡሬ ስንደርስ አጎቴ በቅሎዋን ለቄሰ ገበዙ ሰጥቶ እኔን ትከሻው ላይ አወጣኝ። ጣሊያን ምሽጉን እያሠራ ነው። በሩቁ ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው ድንጋይ በቃሬዛ ይሸከማሉ። ጠባቂዎቹ ከዳር ቆመዋል። አጎቴ ዝግባ ሥር ቆመና፣ «እይ አልጣሽ። በደንብ እይ» አለኝ።

«ካሚዮኑ የታለ?»

«እነዚያን ሰዎች እያቸው።»

«ድንጋይ ነው የሚሸከሙ! ካሚዮኑን ነው ያሉኝ!»

ከግንቡ ጀርባ አንድ አረንጓዴ ነገር ብቅ ብሎ አየሁና አንገቴን ወደዚያ ጠመዘዝኩ። አጎቴ እጁን ዘርግቶ ፊቴን ወደ ድንጋይ ተሸካሚዎቹ መለሰው። እኔ መልሼ ጠመዘዝኩ። «ወደዚህ እይ፣ በሞቴ» አለኝ፤ ትከሻው ከሥሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከብጄው መሰለኝ። «አላይም!» አልኩና ዓይኔን ጨፈንኩ።

አባቴ እዚያ መሐል ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ አላውቅም። ከነበረ አይቶኝ ይሆናል። ዓይኔን ጨፍኜ አይቶኛል።

ከዚያ አጎቴ ጠጅ ቤት ገባ። የፊታውራሪን አሽከር እየጠበቀ ነበር። እኔ ደጅ ላይ ቆሎ ተሰጠኝ። ቆሎዬን ጨርሼ፣ ከደጃፉ ጠጠር ለቅሜ፣ ጠጠሩንም በትኜ አበቃሁ። ሲወጣ ፊቱ ፈክቷል። «ነገ ፈጣም!» አለኝ። «ማርያምን፣ ነገ ፈጣምን ታያለሽ።» ፊታውራሪ ከፈጣም ዳር ባለው ርስታቸው እንዳሉ ሰምቶ ኖሯል። ለዚህም ነው የማለው፤ አልዋሸኝም ነበር፤ ጉዳያችን ካለቀ በኋላ ሊያሳየኝ አስቦ ነው። እኔም በልቤ ማልኩ። ጥንቅሽ ሲሰጡኝ ጠበቅኩ፣ ቆሎ ሲሰጡኝ ጠበቅኩ። ከእንግዲህ ፈጣምን ሳላይ ማንም የሚሰጠኝን አልቀምስም አልኩ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ የወንዙ ድምፅ ተሰማኝ። እየቀረብን በሄድን ቁጥር ድምፁ ይጎላል። ደረቴ ውስጥ ገብቶ ይሰማኝ ጀመር። ቁልቁል የሚወስደው መንገድ ጋ ስንደርስ አጎቴ በቅሎዋን ወደ ሌላው መንገድ፣ ወደ አንድ ትልቅ የሣር ቤት መለሳት።

«ፈጣም በዚያ ነው ጋሼ!»

«አፍታ ነው። እዚህ አፍታ ቆይተን።»

ከዚያ ወዲያ አላናገርኩትም።

ቤቱ ውስጥ ሽማግሌዎች በሁለት ረድፍ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ጠጅ ተቀድቷል። ሌላ መጠጥ ቤት መሰለኝ። አንዲት ሴት ፊቴን አጥባ አዲስ ነጠላ አለበሰችኝ፤ የፊታውራሪ ሚስት ናት። ከመደቡ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ የአውራ ጣታቸው ጥፍር መሐል ለመሐል የተሰነጠቀ ነው። አጎቴ እጁን ኋላ አጣምሮ ከበሩ ጋ ቆሟል። ቄሰ ገበዙ በማር ላይ ጸሎት አደረሱ። ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን ነከሩና አወጡት። ማሩ እየተንጠባጠበ ወደ እኔ ዘረጉት።

«ነይ ልጄ» አሉ።

ቤቱ ጭጭ አለ። የውኃው ድምፅ ብቻ ከታች ይመጣል። አጎቴን አየሁት። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለውም። አሁን አሁን ሳስበው እየጸለየ ነው። አንዲት ቃል፣ «አልጣሽ፣ ለአባትሽ ነው» ብሎኝ ቢሆን ኖሮ ያንን ጣት እስከ አጥንቱ እጠባው ነበር! ሰባ ዓመት ሊሆነው ነው፤ አሁንም ይህችን ቃል ሳስብ እንቅልፍ ይነሣኛል። ለምን አልነገረኝም? ልማዱ ስለከለከለ። የልማዱን ያህል የፈራው ነገር አልነበረም፤ መክሯት ነው ቢባል ሁሉም ይፈርሳል። ይህን አውቃለሁ። ማወቄ ግን ንዴቴን አላበረደውም።

እኔ ያየሁት ሌላ ጉቦ ነው። ጥንቅሽ፣ ቆሎ፣ አሁን ደግሞ ማር። ይህን ልሼ እስከ ማታ ደጅ ልቆምላቸው! ሽማግሌው ጣታቸውን ከንፈሬ ላይ አደረጉ። ከንፈሬን ገጠምኩ። ማሩ አገጬ ላይ ፈሰሰ። በአዲሱ ነጠላ ጫፍ ጠረግኩና መሬት ላይ እንትፍ አልኩ።

«አልፈልግም!» ብዬ ጮህኩ። «ፈጣምን አሳዩኝ!»

ፊታውራሪ ጣታቸውን በጨርቅ ቀስ ብለው ጠረጉ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ያፈረ ሰው ፊት ነበር። ልጅ ሳይወልዱ አርጅተው፣ በሽማግሌ ፊት ልጅ ተፋቻቸው።

«እግዜር አልፈቀደም» አሉና ተነሡ።

አጎቴ መጥቶ እግራቸው ላይ ወደቀ። «ጌታየ! ጌታየ ልጅ ናት! ደክሟት ነው፣ መንገድ አድክሟት ነው፤ ልጅ እኮ ናት!»

«ልጅ ስለሆነች ነው» አሉ ፊታውራሪ። «እኔና አንተ ብንሆን እንዋሻለን።»

እግራቸውን ከእጁ አላቅቀው ወደ ጓዳ ገቡ።

ከደጅ ስንወጣ አጎቴ አልቆጣኝም። በትር ያነሣብኛል ብዬ ነበር። ቄሰ ገበዙ ወደ እኔ እያዩ፣ «ወይኔ፣ ለካ ገፊ...» ብለው ሲጀምሩ አጎቴ ዘልሎ በእጁ አፋቸውን ያዘ። የቄስ አፍ! «አባ፣ ይህን ቃል እንዳይሏት! በእመቤቴ!» አላቸው። የተጣሉት በቁልፉ ነው ብዬ አሰብኩ። ገፊ ማለት በእኛ አገር ወላጁን የሚበላ ልጅ ነው። ያ ስም አንዴ ከወጣብሽ ውኃ የሚቀዳልሽ ጎረቤት፣ የሚያገባሽ ባል አታገኚም።

ትንሽ እንደሄድን አጎቴ ቆመ። ዓይኑ ቀልቷል። «አልጣሽ፣ ፈጣምን ላሳይሽ?» አለኝ።

«አልፈልግም» አልኩት። «ቤቴ ይውሰዱኝ።»

ስንመለስ እታለም ቤት አድረን ሳለ፣ ቄሰ ገበዙ መስቀላቸውን አውጥተው አጎቴና እታለም ሲሳለሙ አየሁ። ባርከዋቸው መሰለኝ። ምለው ነበር። የማሩን ነገር ለማንም ላይተነፍሱ ሦስቱም በመስቀሉ ማሉ፤ የፊታውራሪ ሽማግሌዎች እንደሆኑ የጌታቸውን ውርደት አያወሩም። ቁልፉ አሁንም ከቄሰ ገበዙ ወገብ ላይ ነው፤ ስለ ሥዕሉ ግን ማንም አላነሣም።

አርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት ደረስን። እናቴ ከአጥሩ በር ላይ ቆማለች።

«አገኘኻቸው?» አለችው።

አጎቴ መጀመሪያ እኔን አየኝ። ከዚያ መሬቱን አየና፣ «አላገኘኋቸውም» አላት።

«እንዴት አታገኛቸውም? ሦስት ቀን የት ነበርክ?»

አጎቴ የበቅሎዋን ጭነት ይፈታ ጀመር። እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «አንች፣ የት የት ሄዳችሁ?»

ሦስት ቀን ሙሉ ያጠራቀምኩት ንዴት ገነፈለ። «ጠላ ቤት!» አልኳት። «ማንኩሳ ጠላ ቤት ገብተው እስኪመሽ ተቀመጡ። ቡሬ ደግሞ ጠጅ ቤት ገቡ። እኔን ደጅ አቁመውኝ! ምንም አላሳዩኝም እማየ፣ ሲጠጡ ነው የሰነበቱት! ትናንትናም...»

ሌላውን ልጨምር ስል እናቴ አልሰማችኝም። ወንድሟን በሁለት እጇ ደረቱን ትመታዋለች። «ባሌን! ባሌን በጠላ ሸጥከው! ደርበው፣ በጠላ!» ትላለች። እሱ አልተከላከለም። ጎረቤት ተሰብስቦ ሲያላቅቃት፣ አንዱ ሽማግሌ «እውነት ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀው።

«ልጅ አይዋሽም» አለ አጎቴ።

ደስ አለኝ። እውነቱን በመናገሬ፣ እሱም በማመኑ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ቅዳሜ ከቡሬ የመጣው ካሚዮን በውጀት በኩል አለፈ። እየሮጥኩ ወጥቼ አየሁት። አረንጓዴ ነው፤ ጎማው የእኔን ቁመት ያክላል፤ ከላይ በሸራ ተሸፍኗል። አቧራው እስኪሰክን እጄን አውለበለብኩለት። እናቴ ከመንገዱ ዳር ተደፍታ አፈር ትበትናለች። ካሚዮን ፈርታ መሰለኝ።

አባቴ አልተመለሰም።

እናቴ ወንድሟን ሁለተኛ ደጃፏን አላስረገጠችውም። አገሩም ተጸየፈው። የእህቱን ባል በጠላ የሸጠ እየተባለ ማኅበር ከለከሉት፤ ሰንበቴም ሲቀመጥ አጠገቡ የሚቀመጥ ጠፋ። መጨረሻ ላይ ሊበን ሄዶ በሰው መሬት ላይ ማረስ ጀመረ። እኔም ስሙ ሲነሣ ከሰው እኩል እረግመው ነበር። ሥዕሉን አላሳየኝማ!

ሃያ ዓመቴ ላይ ደምበጫ አስተማሪ ሆንኩ። አንድ ቀን ጎረቤቴ የሆነ መካን ነጋዴ የድሃ ልጅ ጡት ሊያጠባ ምስክር ሁኚ ብሎ ጠራኝ። ቄስ አለ፣ ሽማግሌ አለ። ሰውየው አውራ ጣቱን ማር ነክሮ ሲዘረጋ ቤቱ ጭጭ አለ። ልጁ ጠባ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ምስክርነቴን ሳልሰጥ፣ በነጠላዬ ጫፍ አገጬን እየጠረግኩ ወጣሁ።

በማግስቱ ማንኩሳ ሄድኩ። እታለም አርጅታለች፤ ጠላ መጥመቅም ትታለች። «ቄሰ ገበዙም ሞቱ፣ እኔም አንድ እግሬ ጉድጓድ ነው» ብላ ሁሉንም ነገረችኝ። ከዚያ ሊበን ወረድኩ።

አጎቴ ማሳው ዳር ተቀምጦ አገኘሁት። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። ጉልበቱን ስሜ፣ «ጋሼ፣ ማሩን አውቄያለሁ» አልኩት።

«የምን ማር?»

«ፊታውራሪ ቤት የተፋሁትን።»

«እኔ እንጃ» አለ። «ያን ሰሞን ሰክሬ ነበር። የማስታውሰው የለም።»

«እታለም ዋንጫውን አልነካውም አለችኝ።»

«አርጅታለች። ትቀባጥራለች።»

አለቀስኩ። ለመንኩት። አንድ ጊዜ እውነቱን ተናግሮ እንዲገላግለኝ ነበር የፈለግኩት፤ እሱ ግን ስለ ጤፉ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ በሬው እግር ያወራኛል። ተናድጄ ተነሣሁ። ጥቂት እንደራቅሁ ከኋላዬ ጠራኝ።

«አልጣሽ! ለእናትሽ ምንም እንዳትይ።»

ዞርኩ። «ሰክረው ከነበረ ምኑን ነው የማልነግራት?»

ማጭዱን አንሥቶ ወደ ማሳው ገባ።

ከአራት ዓመት በኋላ ሞተ። እናቴ ቀብሩ ላይ አልሄድም አለች። በእኛ አገር ሰው ጠላቱን እንኳ ይቀብራል፤ እሷ ወንድሟን አልቀበረችም። እኔ ሊበን ሄጄ ቀብሬ ስመለስ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ከደጃፍ ተቀምጣለች።

«ቀበራችሁት?»

«ቀበርነው።»

«ሰው ነበር?»

«ጥቂት ሰው ነበር።»

መሬቱን በጣቷ እየጫረች፣ «ያን ያህል ባይጠጣ ኖሮ ጥሩ ልጅ ነበር» አለች።

አፌን ከፈትኩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ በመንገድ ላይ ሙሉ ቀን ስለማመደው ውያለሁ። ከዚያ ፊቷን አየሁና ፈራሁ። ዓይኗ ወደ እኔ ሲዞር ምን ሆኖ እንደሚዞር ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

«ውኃ ላምጣልሽ?» አልኳት።

እናቴ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖረች። አልነገርኳትም።